ድንኳን ሳይተከል እንድረስ

/በሰፈራችን ቅሬ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ያልነበሩ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳ ተለጠፈ/



የዛሬው ጉዳያችን የሂሳብና የመዋጮ ብቻ አይደለም። ኮሚቴው አንድ ሐሳብ ለጉባኤው እንዳቀርብ አዞኛል፤ ይኸውም በአእምሮ ሕመም ወይም በከባድ ጭንቀት ለተያዘ ጎረቤት ነገሩ ሳይብስበት ቅሬያችን እንዴት ቀድሞ ሊደርስለት እንደሚችል ነው። ንግግሬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ። መጨረሻው ላይ እጅ አውጥታችሁ የምትወስኑት ሦስት ነገር አለ።

ቅሬ፣ ከተሜው እድር የሚለው ማለት ነው፣ ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ሰዓት አይሞላም፤ ድንኳኑ ይወጣል፣ ጎበዙ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እንጀራው በየተራ ይመጣል። ያልመጣ ይቀጣል። ማንም ሰው «ይህ የራሳቸው የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ አይቀርም። ሰው በአካሉ ሲታመምም እንዲሁ ነን። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን አቀበት ቁልቁለቱን ጨርሰን እናደርሳለን፤ የተሸከመ ሰው ደግሞ ትከሻዬን አመመኝ ብሎ አያውቅም።

ታዲያ የታመመው አእምሮው ሲሆን ለምንድን ነው ከቃሬዛው ይልቅ ገመዱን የምናወጣው? ለምንስ እስኪጮህ፣ እስኪማታ፣ ጨርቁን ጥሎ እስኪወጣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን?

1ኛ/ ሕመሙ በአንድ ሌሊት አይመጣም

አንድ ጎረቤት እናስብ። ስም አልሰጠውም፤ ከብዙ ቤት ጥቂት ጥቂት ተወስዶ የተሠራ ሰው ነውና ማንም የእኔ ቤት ነው አይበል። ይህ ሰው በልጉ ቀርቶበታል፣ ዕዳም አለበት። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ሌሊት ተነሥቶ በግቢው ይዞራል፤ ሚስቱ ታያለች፣ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» ትላለች። በሁለተኛው ሳምንት ገበያ መውጣት ተወ፣ ከሰንበቴውም ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት የሚያርስበትን በሬ በማይረባ ዋጋ ሸጠ። ጎረቤቱ «ምን ነካው?» ተባባለ፤ ገብቶ የጠየቀው ግን የለም። በአራተኛው ሳምንት «ሊገድሉኝ ነው፣ ምግቤ ውስጥ ነገር ጨምረውብኛል» አለና እህል ተወ። በአምስተኛው ሳምንት በውድቅት መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ተነሣ፤ ሃያ ሰው ሆኖ ያዘው፣ አሰረው። በነጋታው ላም ተሸጦ፣ መኪና ተለምኖ፣ እጅና እግሩ እንደታሰረ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ተወሰደ።

እንግዲህ ቁጠሩ። አምስት ሳምንት ነበረን። በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት ሃያ ሰው ከሚመጣ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ላይ አንድ ሰው ቢመጣ ይሻል ነበር። እኔ ዛሬ የምለው ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው።

2ኛ/ ምን ስናይ እንነሣ?

ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ ያገኘሁትንና ከተጻፈው ያነበብኩትን በኛው ቋንቋ ልንገራችሁ። ከዚህ ከሚከተለው ሁለት ሦስቱ ባንድ ሰው ላይ ከታየና ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ «ያልፋል» ብሎ መተው አይገባም።

ሀ/ እንቅልፍ ማጣት፤ ወይም ቀንም ሌሊትም ከመኝታ አለመነሣት።
ለ/ እህል መተው፣ መክሳት፣ ገላንና ልብስን መርሳት።
ሐ/ ከሰው መሸሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ገበያ፣ ቡና መቅረት።
መ/ ያለ ልማድ መቆጣት፣ መጠርጠር፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት።
ሠ/ ያለ ልክ መደሰት፣ ያለ ማቋረጥ መናገር፣ ገንዘብና ከብት መበተን።
ረ/ ጠላና አረቄ ከወትሮው በላይ ማብዛት።
ሰ/ «እኔ ለናንተ ሸክም ነኝ»፣ «ብሞት ይሻላል» ማለት፤ ያለ ምክንያት ዕቃን ለሰው ማደል፣ ልጆችን ለዘመድ አደራ መስጠት።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው። ብዙ ሰው «ስለ ሞት ከጠየቅሁት ሐሳቡን እሰጠዋለሁ» ብሎ ይፈራል። ባለሙያዎቹ ይህ ስሕተት ነው ይላሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል እንጂ። በለዘበ አንደበት «ወንድሜ፣ ሕይወቴ ባለፈ ይሻላል የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል ወይ?» ማለት ነው። አዎ ካለ አይቆጡትም፣ በኃጢአት አያስፈራሩትም፤ ብቻውን አይተዉትም። በቤቱ ያለውን የተባይ መድኃኒት፣ ገመዱን፣ ጠመንጃውን ጎረቤት ወስዶ ያስቀምጣል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ስሪላንካ የምትባል እንደኛ ገበሬ የበዛባት አገር አለች። በዚያ አገር በጣም መርዛማ የሆኑትን የሰብል መድኃኒቶች መንግሥት በየጊዜው ከለከለ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1995 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ራሱን የሚያጠፋው ሰው መጠን ከመቶ ሰባ እጅ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱም ክፉው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ መርዙ በእጅ ካልተገኘ ሰዓቱ ያልፋል፣ ሰውየው ይተርፋል። እኛ ሕግ አናወጣም፤ የየቤታችንን ቁምሳጥን መቆለፍ ግን እንችላለን።

አራስንም አልረሳም። አባቶቻችን አራስ ብቻዋን አትተው ያሉት በከንቱ አይደለም። በወለደች በጥቂት ቀን ወይም በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ ያጣች፣ ሕፃኑን የፈራች ወይም የጠላች፣ የማይሆን ነገር የምትናገር እናት ብትኖር ያ ሕመም ነው፤ ሐኪም ያድነዋል። ዘመዶቿ «ክፉ ሆነች» እንዳይሏት ሴቶቻችን አደራ።

3ኛ/ ሌላው አገር ምን አየ?

አማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ የተቋቋመው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። ለብዙ አሥር ዓመታት በአገሪቱ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ አገር ሄዶ ነበር የሚማር። ስለዚህ «እብድ ማለት አማኑኤል» የሚለው አነጋገር በሕዝቡ አፍ የቀረው ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። ያን ያህል አገር አቋርጦ የሚሄድ ደግሞ ያለቀለት ሰው ብቻ ነበር።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በጉራጌ አገር፣ በቡታጅራ ገጠር፣ ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰው ጠየቁ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና ያላዩ ነበሩ። አሥር ዓመት ሲከታተሏቸው ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት በሚጠጋ ዕድሜ ቀድመው ይሞቱ እንደነበር ታወቀ። ብዙዎቹን የገደላቸው ደግሞ እኛንም የሚይዘን ተላላፊ በሽታ ነው። አስተውሉ፤ ለሌላው ሲያስል ሐኪም የሚወስደው አለ፣ «ለእብዱ» ግን የለም።

ደስ የሚለውም ነገር ከዚያው አገር ነው የመጣው። በቡታጅራና በሶዶ፣ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ተራ ጤና ባለሙያዎች ሠልጥነው ከባድ ሕመምተኞችን ሲከታተሉ፣ ውጤታቸው የአእምሮ ሕክምና በተማሩ ነርሶች ከሚታዩት ሕመምተኞች ያነሰ እንዳልሆነ በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚኬደው ደሴም አዲስ አበባም ሳይሆን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው ማለት ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ከአፍሪካም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ሥራ ሲጀምሩ ሐኪምም ክፍልም አልነበራቸውም። ያገኙት 14 አሮጊቶችን ነው። እነዚህን እናቶች አሠልጥነው በጤና ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀ ሰው ይመጣል፣ አጠገባቸው ቁጭ ይላል፣ ያዋያቸዋል፤ እነሱም ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱን አስመርጠው መውጫውን አብረው ይፈልጉለታል። በ2016፣ ይህም በፈረንጆች ነው፣ የወጣው ጥናት በእነዚያ እናቶች የታዩት ሰዎች እንደ ተለመደው ከታከሙት በተሻለ ሁኔታ ከጭንቀት እንደወጡ አረጋገጠ። እንዴ! እኛ አገር አሮጊት ጠፋ ወይ? ወንበሩስ ጠፋ? ቡናው በየቤቱ ይፈላል። የጎደለን መጠየቁ ነው።

4ኛ/ ለምን አሁን?

የኛ አገር ደግሞ ብዙ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገብቶ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በመቄትና በላስታ የሆነውን ለናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ። ልጁን የቀበረ፣ ቤቱ የተዘረፈ፣ የደረሰባትን ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛ የምትኖር ሴት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ሕፃን በመካከላችን አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ጊዜ መንገድ እንደተዘጋ አይተናል። እኛ ፍላቂቶች በቻይና መንገድ ላይ ስላለን መኪና አናጣም እንል ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ግን ለታመመ ሰው ወልድያም እንደ ባሕር ማዶ ይርቃል። ስለዚህ ሆስፒታል ሳያስፈልግ በፊት መድረስ ለኛ ከሌላው ይልቅ የግድ ነው።

5ኛ/ ቤቱን እንዴት እንግባ?

መጀመሪያ የሚገባው የሚወደድ ሰው ነው። ከቤተ ሰቡ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሌላ ምክንያት ሳይፈጥር፣ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይገባል። ጭፍራ አያስፈልግም። ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። «እኔም እንዲህ ነበርኩ፣ ጠንከር በል፣ ወንድ አይደለህም ወይ?» አይባልም። የሚሰማውን ድምፅ «ውሸት ነው» ብሎ መከራከርም፣ «አዎ እኔም ሰማሁ» ማለትም አይጠቅምም። «እኔ አልሰማሁም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ» ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው የእጅ ሥራ ነው። ከብቱን የሚያግድ ይፈለጋል፤ አጨዳ ከሆነ ወንፈል ይወጣለታል። ዕዳው ከሆነ ያስጨነቀው ሽማግሌ አበዳሪውን ቀን ያስጨምራል። ማታ ማታ አረቄ እንዳያገኝ ጎረቤት ይተባበራል። ሚስቱ ሌሊቱን ስትጠብቅ ያደረች እንደሆነ ቀን ላይ አንዷ ሄዳ ታሳርፋታለች። አስታማሚው ከወደቀ ሁለት በሽተኛ ይሆናልና።

ጤና ጣቢያ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ሰው ይኑር። መድኃኒት ከታዘዘለትም «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ መከታተል ነው። ብዙ ሰው የሚመለስበት በዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ስለያዘው ነው የተሻለው፣ ተሻለኝ ብሎ ይተወዋል፣ ይመለስበታል። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችልም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጨመር አለበት። የማኅበረሰብ የጤና መድኅን መታወቂያችሁንም ሳታሳድሱ አትቆዩ።

ነገሩ ቀድሞን ሄዶ የሚያስፈራ ከሆነስ? የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሌላው ራቅ ይበል። ልጆች ይውጡ፣ መጥረቢያና ቢላ ይነሣ፣ በሩ አይዘጋበት። ዱላ አይነሣ። አምቡላንስ ወይም መኪና ወዲያው ይጠራ። በሰውም በራሱም ላይ አደጋ ሊያደርስ ሆኖ መያዝ ግድ ቢሆን እንኳ፣ ለጥቂት ጊዜ በእጅ ይያዛል እንጂ በሰንሰለት አይከረቸምም፤ በደረቱ ተደፍቶም አይታሰርም፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሰው በድንገት ከቀባጠረና ትኩሳት ካለው፣ ራሱን ተመትቶ ከነበረ፣ ወይም መርዝ ነክቶ ከሆነ ያ የአካል ድንገተኛ ነው፤ በዚያው ሰዓት ይወሰድ፣ አይደር።

6ኛ/ የምሰማቸው ተቃውሞዎች

አንዳንድ አባቶች «ይህ የጠበል ጉዳይ ነው» ይሉኛል። ጠበሉን ማንም አይቃወምም፤ እኔም የጠበል ልጅ ነኝ። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለሕዝብ ተናግረው ነበር። ለዚያ በሽታ ከተፈቀደ ለዚህስ ምን ይከለክላል? የነፍስ አባቶቻችን መድኃኒት የጀመረውን ሰው «ኪኒኑን ጣል» እንዳይሉት፣ ይልቁንም «ጠበሉን ጠጣ፣ ኪኒንህንም ዋጥ» እንዲሉት በአክብሮት እንለምናለን። ሼሆቻችንንም እንዲሁ። ሕመምተኛው ከሁሉ በፊት የሚመጣው ወደነሱ ነውና በሩን የያዙት እነሱ ናቸው።

ሌሎች «ቅሬ ለሞት ነው የተቋቋመ፣ ገንዘባችን ለዚህ አይውልም» ይላሉ። መልሴ አጭር ነው። ቀድመን ባልደረስንለት ሰው ድንኳኑን የምንተክለው እኛው ነን። ያን ጊዜ ገንዘቡ መውጣቱ አይቀርም፤ ሰውየው ግን የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ «ምሥጢር አይጠበቅም፣ ሰፈሩ ያወራል፣ ልጄን የሚያገባ ይጠፋል» የሚለው። እውነት ነው። ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ሕመሙን ፈርቶ አይደለም፤ እኛን ፈርቶ ነው። ስለዚህ በመዝገቤ ላይ የሰው ስም አይጻፍም። በሂሳቡ ላይ «ለሕመምተኛ መጓጓዣ» ተብሎ ይጻፋል፤ ደረሰኙ በዳኛው እጅ ይቀመጣል። ምሥጢር ያወጣ አባል ቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣ ዘንድ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። «እብድ»፣ «ወፈፌ» ማለትም በቅሬያችን ስብሰባ ላይ ይቅር፤ ዛሬ የምንጠራው ስም ነገ ልጆቻችንን ይጠራል።

7ኛ/ የውሳኔ ሐሳብ

አንደኛ፤ ከወር መዋጮአችን ከእያንዳንዱ 10 ብር 1 ብሩ ለብቻው ተቀምጦ ለሕመምተኛና ለአስታማሚ መጓጓዣ፣ ለስንቅና ለመድኃኒት ይዋል። ሲጎድል ብድር ሳይሆን እርዳታ ይሁን።

ሁለተኛ፤ ለየአሥር አባወራው አንድ እናትና አንድ አባት ይመረጡ፤ የሚሰሙና አፋቸውን የሚጠብቁ ይሁኑ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግረን አጭር ትምህርት እንዲያገኙ እናደርጋለን። ሥራቸው ማከም አይደለም፤ ማየት፣ መጠየቅ፣ ማድረስ ነው።

ሦስተኛ፤ በሰፈራችን ሰው በሰንሰለት ወይም በገመድ ታስሮ የሚውልበት ቤት ካለ፣ ቤተ ሰቡን ሳንወቅስ ገብተን፣ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ የጥበቃውን ተራ እኛ እንካፈል። እናት ልጇን የምታስረው ጠልታው አይደለም። ከብትና ማሳ ብቻዋን ስለሚጠብቃት፣ ገደል እንዳይገባባት ፈርታ ነው። ተራው ከተገኘላት ሰንሰለቱን ራሷ ትፈታዋለች።

የተከበራችሁ አባላት፤ ጡሩምባው ሲነፋ ሳንጠራ የምንሮጥ ሕዝብ ነን። ይህን ሕመም ግን ጡሩምባ የሚነፋለት የለም፤ ምልክቱ ሌሊት በጎረቤት ቤት የሚበራው መብራት፣ ሰንበት ላይ ባዶ የሚቀረው ቦታ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ሐሳብ አንድ በአንድ አነባለሁ፤ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፣ የምትቃወሙም ያለ ፍርሃት ተናገሩ። ውጤቱ ከዚህ ወረቀት ሥር በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።

 

የማኅበሩ ጸሐፊ
ፍላቂት